ባኪታ፦ በወጥ ቤትና በበር ላይ የተኖረ እምነት



ስለ እምነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቤተ ክርስቲያን ነው። የበዓል ልብስ፣ ጾሙ፣ መዝሙሩ፣ ስብከቱ ይታወሰናል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ነገር ግን እሑድ አንድ ቀን ናት፤ የቀሩት ስድስት ቀናት የሚያልፉት በወጥ ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በሰፈርና በትምህርት ቤት ነው። የሰው እምነት እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀውም በእነዚያ ስድስት ቀናት ነው። አባቶቻችን የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት ሰው አለ፤ በውጭ ሲታይ ለስላሳ፣ በቤቱ ግን እሾህ የሆነ። ዛሬ የምጽፍላችሁ የዚህ ተቃራኒ ስለ ሆነች ሴት ነው።

ይህች ሴት ጦር አልመራችም፣ ሥልጣን አልያዘችም፣ በስሟ ትምህርት ቤት አላቋቋመችም። ዕድሜዋን ያሳለፈችው ምግብ በማብሰል፣ በመስፋት፣ በመጥለፍና በር በመክፈት ነው። የጎረቤታችን የሱዳን ልጅ ናት። ስሟ ባኪታ ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቷ በዳርፉር

ባኪታ የተወለደችው በ1869 ገደማ፣ በምዕራብ ሱዳን በዳርፉር፣ ኦልጎሳ በምትባል መንደር ነው። ወገኖቿ ዳጁ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። ቤተሰቧ ችግረኛ አልነበረም፤ የአባቷ ወንድም የመንደሩ አለቃ ነበር። ሦስት ወንድሞችና ሦስት እኅቶች ነበሯት። በኋላ ዕድሜዋ ስለዚያ ዘመን ስትናገር ምንም መከራ የማታውቅ ደስተኛ ልጅ እንደ ነበረች ትገልጽ ነበር። ማታ ማታ ጨረቃንና ከዋክብትን እያየች የእነዚህ ሁሉ ጌታ ማን ይሆን እያለች ታስብ እንደ ነበርም ተናግራለች። ያን ጊዜ የክርስትና ትምህርት ያልደረሳት ትንሽ ልጅ ነበረች።

በዚያ ዘመን የባሪያ ነጋዴዎች ዳርፉርን፣ የደቡብ ሱዳንን አገሮችና የእኛንም ምዕራባዊ ጠረፍ ያምሱ ነበር። መጀመሪያ የተወሰደችው የባኪታ ታላቅ እኅት ነበረች። የእናቷ ልቅሶ ከአእምሮዋ አልጠፋም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1877 ገደማ፣ ተራው የራሷ ሆነ። ከጓደኛዋ ጋር ከመንደር ወጣ ብላ ሳለ ሁለት እንግዳ ሰዎች አገኟቸው። አንደኛው ጓደኛዋን ወደ ፊት ሂጂ ብሎ ላካት፤ እሷን ደግሞ ከዱሩ ውስጥ ዕቃ እንድታመጣለት ጠየቃት። እሷም ትልቅ ሰው ሲያዝ እሺ ማለትን የተማረች ልጅ ስለ ነበረች ታዛ ሄደች። ዱር ውስጥ ስትደርስ ያዟት።

ስሟን ሲጠይቋት ከድንጋጤዋ የተነሣ መናገር አቃታት። ስለዚህ እነሱ ራሳቸው ባኪታ አሏት። በዐረብኛ ዕድለኛ ማለት ነው። ከወላጆቿ ያፈነገሏት ሰዎች ዕድለኛ ብለው ጠሯት ማለት ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልታወሳትም። እስከ ዕለተ ሞቷም ሳታስታውሰው ቀረች።

የተሸጠች ልጅ

ልጅቷ በባዶ እግሯ ወደ ኤል ኦቤይድ ከተማ ተነዳች። መንገዱ ወደ 960 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ገና ከተማው ሳትገባ ሁለት ጊዜ ተሸጠች። አንድ ጊዜ ከሌላ ልጅ ጋር ሆና አምልጣ ነበር፤ ሌሊቱን ሲሮጡ ካደሩ በኋላ አንድ እረኛ አግኝቶ ያስጠጋቸው መስሎ ከበጎቹ ጋር አሰራቸው፤ ከዚያም መልሶ ለነጋዴ ሸጣቸው።

በኤል ኦቤይድ መጀመሪያ የገዛት ባለጸጋ ለሴቶች ልጆቹ አገልጋይ አድርጎ ሰጣት። አንድ ቀን ግን የጌታው ወንድ ልጅ ተቆጣትና እስክትወድቅ ደበደባት፤ አንድ ወር ያህል ከተኛችበት መነሣት አልቻለችም። ቀጥሎ የገዛት የቱርክ የጦር መኮንን ነበር። በዚያ ቤት የመኮንኑ ሚስትና እናት በጅራፍ መግረፍን እንደ ዕለት ሥራ ያዩት ነበር። ባሮቻቸው መታወቂያ እንዲኖራቸው ብለውም ቆዳቸውን በስለት ያስተለትሉ፣ ቁስሉም ምልክቱ እንዳይጠፋ ጨው ያስነሰንሱበት ነበር። በባኪታ ሰውነት ላይ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ጠባሳዎች ነበሩ። ይህን የምጽፈው ትንንሾቹን ለማስፈራት አይደለም። በኋላ ስለ ይቅርታ ስናነሣ ይቅር የተባለው ነገር ቀላል እንዳይመስለን ነው።

በ1883 በካርቱም የጣሊያን ምክትል ቆንስላ የነበረው ካሊስቶ ሌኛኒ ገዛት። በእሱ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጅራፍ ኖረች፤ የምትለብሰው ልብስም ተሰጣት። በዚያን ወቅት እኛ ድርቡሽ የምንላቸው የማህዲ ተከታዮች ካርቱምን ከብበው ነበር። ሌኛኒ በ1884 መጨረሻ ወደ አገሩ ሲሸሽ ባኪታ አብሬህ ልሂድ ብላ ለመነችው። ከጓደኛው ከአውጉስቶ ሚኪዬሊ ጋር በግመል ተጉዘው በቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ሱዋኪን ደረሱ፤ ከዚያም በመርከብ በ1885 ጄኖዋ ገቡ። ወደቡ ላይ የጠበቀቻቸው የሚኪዬሊ ሚስት ማሪያ ቱሪና ነበረች። እሷም ከአፍሪካ ለእኔ የመጣ የለም ወይ ብላ ቅር ስላላት ሌኛኒ ባኪታን ሰጣት። ደግ የሚባለውም ሰው እንኳ ሰውን እንደ ስጦታ ዕቃ ማስተላለፍ አላሳፈረውም።

የሰው ልጅ አሳዳጊ

በሰሜን ጣሊያን በሚራኖ አጠገብ ባለው በሚኪዬሊ ቤት ባኪታ የቤት ሥራ ትሠራ ነበር። በ1886 ቤቱ ውስጥ ሚሚና የምትባል ልጅ ተወለደችና ባኪታ ሞግዚቷ ሆነች። አጥባ፣ አብልታ፣ አዝላ አሳደገቻት። ልጅቷም እሷን ካላየች አትተኛም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከወላጆቻችን መካከል ይህን ሕይወት የሚያውቁት ጥቂት አይደሉም። በባዕድ አገር የሰው ልጅ እያሳደጉ፣ የሰው ቤት እያጸዱ፣ የራሳቸውን ልጅ የሚያስተምሩ እናቶች አሉን። በዐረብ አገር ዓመታት ያሳለፉ አክስቶችና እኅቶች የሌሉት ቤተሰብ ከእኛ መካከል ማግኘት ያስቸግራል። የባኪታ ታሪክ ለእነሱ የሩቅ ተረት አይደለም። ቋንቋውን ሳያውቁ ሰው ቤት መግባትን፣ የገዛ እናትን እየናፈቁ የሌላውን ልጅ እሹሩሩ ማለትን እነሱ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

የቤቱ የንብረት ተቆጣጣሪ ኢሉሚናቶ ቼኪኒ የተባለ አማኝ ሰው ነበር። ይህ ሰው ለባኪታ አንዲት ትንሽ የብር መስቀል ሰጣት። እሷም ይወስዱብኛል ብላ ስለ ፈራች ደብቃ ትይዛት ነበር። ስቅለቱን ስታይ ተገርፎ የተሰቀለ ጌታ አየች። መገረፍ ምን እንደ ሆነ የምታውቅ ልጅ ስለ ነበረች ያንን ሥዕል ማንም ሳያብራራላት የተረዳችው ይመስለኛል። በልጅነቷ የከዋክብት ጌታ ማን ነው ብላ የጠየቀችውን ጥያቄ መመለስ የጀመረላት ከዚህ መስቀል ነው።

እምቢ ያለችበት ቀን

ሚኪዬሊ በሱዋኪን ትልቅ ሆቴል ይዞ ነበር። ሚስቱ ወደ እሱ ስትሄድ በ1888 መጨረሻ ሚሚናንና ባኪታን በቬኒስ የካኖሳ ሲስተሮች ዘንድ አስቀመጠቻቸው። ይህ የሲስተሮች ማኅበር በ1808 በቬሮና ከተማ በመግደላዊት ዘካኖሳ የተመሠረተ ሲሆን ዋና ሥራው የድሃ ልጆችን ማስተማር ነበር። ባኪታም የክርስትናን ትምህርት በሥርዓት የተማረችው እዚያ ነው።

ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆን ማሪያ ቱሪና ተመልሳ መጣች። ልጇንና ሞግዚቷን ይዛ ወደ ሱዋኪን ልትሄድ ነበር። ያን ጊዜ ባኪታ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሄድም አለች። ሴትዮዋ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ውለታ ቆጠረች። ባኪታ ግን ጸናች። መማሯን ሳትጨርስ፣ ሳትጠመቅ ከሄደች ያገኘችውን አምላክ እንዳታጣ ፈርታ ነበር። ሚሚናን መለየት ደግሞ ትንሽ ነገር አልነበረም። በእጇ ያደገችውን ልጅ ትታ መቅረት ነበረባት።

ነገሩ ወደ መንግሥት ደረሰ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1889 ሁለቱም ወገኖች ባለሥልጣናትና የቤተ ክርስቲያን አባቶች ባሉበት ቀረቡ። የተሰጠው ውሳኔ ግልጽ ነበር፤ የጣሊያን ሕግ ባርነትን ስለማያውቅ ባኪታ ባሪያ ልትባል አትችልም፤ ስለዚህ ወደ ፈለገችበት መሄድም መቅረትም ትችላለች። ዕድሜዋ 20 ዓመት ገደማ ነበር። ለተማሪዎቻችን ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ በዚያው ዓመት ነው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁት። እኛ ንጉሣችንን ባጣንበት ዓመት፣ ከዚያው የድርቡሽ ጦርነት የሸሸችው የሱዳን ልጅ ነጻነቷን አገኘች።

ይህን እምቢታ ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ። ክርስትና ትሕትናን ስለሚያስተምር አንዳንዶች አማኝ ሰው የተባለውን ሁሉ እሺ ማለት ያለበት ይመስላቸዋል። ልጆችንም አንዳንዴ እንዲህ እናስተምራለን። ባኪታ ግን በዱር ውስጥ ትልቅ ሰው ስላዘዛት እሺ ብላ ነጻነቷን አጣች፤ በቬኒስ ደግሞ አይሆንም ብላ መልሳ አገኘችው። ትሕትናዋ የበዛው ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በገዛ ፈቃዷ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ትልቅን ማክበርን ሲማሩ፣ ክፉ ነገር ሲታዘዙ እምቢ ማለትንና ሮጦ ለወላጅ ወይም ለመምህር መናገርንም አብረው መማር አለባቸው።

ሃምሳ ዓመት በወጥ ቤትና በበር

ጥር 9 ቀን 1890 ተጠመቀች። የጥምቀት ስሟ ጁሴፒና ማርጌሪታ ፎርቱናታ ተባለ። ፎርቱናታ ማለት ያው ባኪታ ማለት ነው። ነጣቂዎቿ በፌዝ የሰጧት የሚመስለው ስም በጥምቀት ጊዜ እውነተኛ ትርጉሙን አገኘ። በኋላ ዘመኗ የተጠመቀችበትን የውኃ ገንዳ ስታይ ጎንበስ ብላ ትስመው ነበር፤ የእግዚአብሔር ልጅ የሆንሁበት ቦታ ነው እያለች።

በ1893 የምንኩስና ሥልጠና ጀመረች፤ በ1896 መሐላዋን ፈጸመች። በ1902 ስኪዮ ወደምትባል ከተማ ተላከች። ስኪዮ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ያለች የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ናት። ሕዝቧ በብዛት ሠራተኛ ነበር። ባኪታ ከጥቂት ዓመታት በቀር ቀሪ ዕድሜዋን ሁሉ እዚያ ኖረች።

ሥራዋ ምን ነበር? አበሰለች። ሰፋች፣ ጥልፍ ጠለፈች። የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያት ጠበቀች። በመጨረሻም በረኛ ሆነች። በባርነት ዘመኗ ስትሠራ የነበረው ሥራም ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። ምድጃው ያው ምድጃ ነው፣ መጥረጊያውም ያው መጥረጊያ። ልዩነቱ ያኔ የምታበስለው ጅራፍ ፈርታ ነው፤ በስኪዮ ግን ለምትወዳቸው ሰዎች፣ በፊቱ ነጻ ሆና ለቆመችለት አምላክ ነበር። ሥራን የሚያዋርደው ሥራው ራሱ አይደለም፤ ሠራተኛውን እንደ ዕቃ የሚያይ ሰው ነው የሚያዋርደው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለትምህርት ቤት ሰዎች የሚነካን የበረኛነቷ ዘመን ነው። በገዳሙ ግቢ የካኖሳ ሲስተሮች ትምህርት ቤት ስለ ነበር በየቀኑ ልጆች በበሩ ይገቡ ነበር። ባኪታ ሲገቡ እጇን በራሳቸው ላይ እያኖረች ትዳብሳቸው ነበር። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ የአገሯ ዜማ ያለው አነጋገር ነበራት። ሕፃናቱ ይወዱት ነበር። ችግረኞችና ሐዘንተኞችም በሩን ሲያንኳኩ መጀመሪያ የሚሰሙት ያንን ድምፅ ነበር። የከተማው ሰው ጥቁሯ እናት ይላት ጀመር። በልጅነቷ ማንም እጁን ያነሣባት የነበረው ለመምታት ነው፤ እሷ ግን በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ያለፈ እጇን ለመባረክ አነሣች።

አንድ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ብዙ ነገር ሊረሳ ይችላል። የሒሳብ ቀመሩን ይረሳል፣ የነገሥታቱን ዘመን ይረሳል። በር ላይ እንዴት እንደ ተቀበሉት ግን አይረሳም። ይህን ከሠላሳ ዓመት ገደማ የመምህርነት ኑሮዬ ተምሬዋለሁ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግንባሩ ለስኪዮ ቅርብ ስለ ነበር የገዳሙ ከፊል ለቁስለኛ ወታደሮች ሆስፒታል ሆነ። ባኪታም ለእነሱ አበሰለች፣ አገለገለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ እሷ በመካከላችን አለች እያለ ይጽናና ነበር። ከሩቅ አገር በባርነት የመጣች ሴት የከተማው ሰው መጽናኛ ሆነች።

ዝና እና ዝምታ

በ1931 ኢዳ ዛኖሊኒ የምትባል ጸሐፊ የባኪታን ታሪክ ከአፏ ሰምታ በመጽሐፍ አወጣችው። መጽሐፉ ብዙ ተነበበ። ከዚያ በኋላ አለቆቿ ከሌላ ሲስተር ጋር በጣሊያን ከተሞች እየዞረች ለሕዝብ እንድትታይ ላኳት። አዳራሾች ሞሉ። ብዙዎች የመጡት ግን ጥቁር ሰው እንደ ብርቅ ሊያዩ ነበር፤ እሷም ይህ ይገባት ነበር። መታየቱን አልወደደችውም፤ ታዛ ጥቂት ቃል ተናግራ ወደ ሥራዋ መመለሱን ትመርጥ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስናነብ አንድ ነገር ማለፍ አንችልም። በ1935 የጣሊያን ጦር አገራችንን ወርሯል። አንዲት አፍሪካዊት በጣሊያን አዳራሾች በጭብጨባ ስትከበር፣ የዚያው አገር አውሮፕላኖች በአፍሪካውያን ላይ መርዝ ያዘንቡ ነበር። ይህ የሕዝቡን ሁሉ ልብ አይናገርም፤ ነገር ግን አንድን ጥቁር ሰው መውደድና ጥቁር ሕዝብን ማክበር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳየናል። የሚያገለግለንን ሰው እንወዳለን ብለን ወገኖቹን የምንንቅ ከሆነ፣ ያ ፍቅር ገና አልተፈተነም።

ይቅርታዋ

ባኪታ በዓለም ዘንድ ይበልጥ የምትታወቀው በይቅርታዋ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ የሰረቋትን ሰዎች ብታገኝ ምን እንደምታደርግ ጠየቃት። ተንበርክካ እጃቸውን እንደምትስም መለሰች፤ በእነሱ መንገድ ባትመጣ ኖሮ ክርስቲያን እንዳልሆነች አስባ ነው።

ይህ መልስ ለማንኛችንም ከባድ ነው። በተለይ የተበደሉ ሰዎች ሲሰሙት ሊያማቸው ይችላል። ስለዚህ በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። ባኪታ ባርነት ጥሩ ነው አላለችም። የደረሰባትን አልደበቀችም፤ ዘርዝራ ተናግራ በመጽሐፍ እንዲወጣ አድርጋለች። ወደ እመቤቷም አልተመለሰችም። ይቅርታ ማለት ለሷ በደልን መካድ ወይም ወደ በዳይ ቤት መመለስ አልነበረም። ቂሙን በልቧ ተሸክማ አለመኖር ነበር። በቤተሰባችን መካከል ለዓመታት ተኳርፈው፣ በልቅሶ ቤት እንኳ ጎን ለጎን መቀመጥ ያቃታቸው ወንድማማቾች ስንቶች ናቸው! የእነሱ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ወይም የገንዘብ ነው። ከባኪታ ጠባሳ አጠገብ ሲቀመጥ ምን ያህል ያንሳል!

ይህም ሆኖ ይቅርታ ትዝታን አያጠፋም። በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ ባኪታ በተሽከርካሪ ወንበር ነበረች፤ ሥቃዩ ሲበረታ አእምሮዋ ወደ ልጅነቷ ይመለስና ሰንሰለቱ ከብዶኛልና አላሉልኝ እያለች አስታማሚዋን ትለምን ነበር። ስድሳ ዓመት ገደማ በነጻነት ኖራ፣ ሁሉን ይቅር ብላም፣ ሰውነቷ ሰንሰለቱን አልረሳም። ልጅን መምታትና ማዋረድ የቀን ቁጣ ብቻ ለሚመስለን ወላጆችና መምህራን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የልጅ ሰውነት ያስታውሳል።

የካቲት 8 ቀን 1947 በስኪዮ ዐረፈች። የከተማው ሕዝብ ሊሰናበታት ጎረፈ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1992 ብፅዕት፣ በ2000 ደግሞ ቅድስት ብላ ሰየመቻት። ያረፈችበት ቀን ዛሬ በካቶሊካውያን ዘንድ በሰው ንግድ ለተጎዱ ሰዎች የሚጸለይበት ቀን ነው። በደቡብ ሱዳን በጁባ በስሟ የሚጠራ ሬዲዮ ጣቢያ አለ።

ለእኛ ቤት

በትምህርት ቤታችን ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና ወንጌላዊ ክርስቲያኖች፣ ሙስሊም ተማሪዎችም አብረው ይማራሉ። ይህን ታሪክ የመረጥሁት የአንዱን ቤተ እምነት ለማስበለጥ አይደለም። ሰውን ማክበር ከቤት እንደሚጀምር ሁላችንም የምናምነው ስለ ሆነ ነው።

በየዓመቱ ተማሪዎች ሲመዘገቡ የወላጅ ሥራ የሚል መስመር አለ። አንዳንድ ልጆች እዚያ ሲደርሱ ብዕራቸው ይቆማል። እናቱ ሰው ቤት የምትሠራ፣ አባቱ ዘበኛ የሆነ ልጅ ምን ልጻፍ ብሎ ይጨነቃል። ልጆቼ፣ ያለውን ጻፉ። አብሳይ ጻፉ፣ በረኛ ጻፉ፣ ሞግዚት ጻፉ። ባኪታ ሦስቱንም ነበረች። ማፈር ያለበት ደመወዛቸውን የሚከለክላቸው፣ ፓስፖርታቸውን የሚቆልፍባቸው፣ በስማቸው የማይጠራቸው ሰው ነው እንጂ እነሱ አይደሉም።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመካከላችን በቤቱ ሠራተኛ ያለው አለ። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ስሟን እናውቃለን ወይስ ልጅቷ እያልን ነው የምንጠራት? የእናቷን መንደር ጠይቀናት እናውቃለን? ከልጆቻችን ጋር ከአንድ ማዕድ ትበላለች ወይስ የተረፈውን ወጥ ቤት ቆማ? የማታ ትምህርት የመማር ዕድል ሰጥተናታል? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እሷስ መሄድ ትችላለች? እግዚአብሔርን በመዝሙር ያመሰገነ አፍ ቤት ገብቶ በእሷ ላይ የሚጮህ ከሆነ፣ ልጆቻችን የሚማሩት ከመዝሙሩ ሳይሆን ከጩኸቱ ነው።

ለባልደረቦቼና ለተማሪዎች የማሳስበው ቀላል ነገር ነው። የበሩ ዘበኛ፣ የጽዳት ሠራተኞቻችን፣ ሻይ የምታፈላልን እናት ሁሉም ስም አላቸው። በስማቸው እንጥራቸው፤ ጠዋት ስንገባም እንደ ታላቆቻችን ቆም ብለን ሰላም እንበላቸው። ባኪታ እናቷ ያወጣችላትን ስም አጥታ ኖረች፤ በእሷ በር ያለፉ ልጆች ግን እንደ ታወቁና እንደ ተወደዱ ተሰምቷቸው አደጉ። የእኛም በር እንዲህ ያለ በር እንዲሆን እመኛለሁ።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።